የወለላ ፋሻ

ምንይችል ወደ ጎንደር የተመለሰው ጎል ሊያገባ ብቻ አልነበረም። ሰው ሊያዋርድ ነው የመጣው። በግራ ካልሲው ውስጥ ሁለት ዓመት ያስቀመጠው የተቀደደ ፋሻ ተጠቅልሎ ተሸጉጧል። ጎል ካገባ በቀጥታ ሮጦ የአንገረብ ቡድን ወጌሻ አያ ዋኘው እግር ሥር ሊወረውረው ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ሲተኛም ሲነሳም ያሰበው ይህንኑ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከማክሰኝት የመጣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት አጥቂ ሳለ፣ ከአንገረብ ጋር የመጀመሪያ ውሉን ሊፈራረም ሦስት ሳምንት ሲቀረው ልምምድ ላይ ጉልበቱን ተመታ። ያሹት አያ ዋኘው ነበሩ፤ ፋሻውን ያሰረችለት ግን ሙያውን ከአባቷ የምትማረው ልጃቸው ወለላ ናት። በዚያ ቤት አንድ ሕግ አለ፤ ፋሻን የሚፈታው ያሰረው እጅ ነው። ታማሚውም ቢሆን፣ ሌላ ሰውም ቢሆን አይነካውም። ምንይችል ሕጉን ወደደው። በየሁለት ቀኑ አዘዞ እነሱ ቤት ድረስ የሚሄድበት ጥሩ ሰበብ ሆነለት።

ወለላ ጎንበስ ብላ ስትፈታለት ጸጉሯን ለሁለት የከፈለውን ቀጭን መስመር ያያል። ቀና ስትል ዓይኑን ጣሪያው ላይ ይሰቅላል። እሷም ፋሻውን ከሚገባው በላይ ቀስ ብላ ነበር የምትፈታው። ሁለቱም ያውቁታል፣ ሁለቱም አይናገሩም። አንድ ቀን ፒያሳ ጁስ ሲጠጡ አያ ዋኘው በባጃጅ አለፉ። አዩአቸው፤ ሰላም ሳይሉም ሄዱ።

በሳምንቱ አሰልጣኙ ቢሮ ጠርቶ ውሉ እንደቀረ ነገረው። ምክንያቱን ሲጠይቅ «ከወጌሻው ቤት ሰምቻለሁ፤ ጉልበትህ አይሆንም» አለው።

ምንይችል ሲናደድ የሚያጣራ ሰው አይደለም። ሽማግሌው ከልጃቸው ሊያርቁት እንጀራውን ዘጉበት ብሎ ደመደመ። ወደ ማክሰኝት በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ፋሻውን በጥርሱ ቀዶ አወለቀው። ከዚያን ቀን ወዲህ የወለላን ስልክ አላነሳም።

ኋላ አንድ የደቡብ ቡድን ለሙከራ ወሰደው። የቡድኑ ሐኪም ራጁን አይቶ አራት ወር አስቀመጠው። «አጥንትህ ተሰንጥቋል። ከመጫወት ያስቆመህን ሰው አመስግን» ሲለው ምንይችል እንዳልሰማ ሆነ። ቂም ከጣፈጠ ማን ይመረምረዋል!

እነሆ ዛሬ ይኸው የደቡብ ቡድን ከአንገረብ ጋር ሲጫወት በስልሳ ሦስተኛው ደቂቃ ኳሷን በግራ እግሩ ከመረቡ አሳረፋት። የቡድን ጓደኞቹ ሊያቅፉት ሲሮጡ ጥሏቸው ወደ አንገረብ ተቀያሪዎች ወንበር በረረ። ፋሻውን ከካልሲው መዥርጦ አወጣ።

አያ ዋኘው ግን የሉም። ቦታቸው ላይ የሕክምና ቦርሳውን ጭኗ ላይ አድርጋ ወለላ ተቀምጣለች። ዓይን ለዓይን ተያዩ። እጁን መመለስ ይችል ነበር፤ አልመለሰም። ወረወረው፤ ጫማዋ አጠገብ ወደቀ። እሷም ዝቅ ብላ አንስታ አቧራውን አራገፈችለት።

ቀድሞ አንድ ቢጫ ነበረበትና ዳኛው ሁለተኛ ቢጫ፣ ከዚያም ቀይ ካርድ አወጣ። በአሥር ሰው የቀረው ቡድኑ ሰማንያ ስምንተኛው ደቂቃ ላይ ጎል ተቆጥሮበት አንድ እኩል ወጣ። የሁለት ዓመት በቀል እንዲህ ሆኖ አለቀ።

ከመልበሻ ክፍሉ ጀርባ ደረጃው ላይ ብቻውን ተቀምጦ ሳለ ወለላ መጣች። ፋሻው በእጇ ነው።

«አያ ዋኘው የት አሉ?» አላት፣ ቀና ሳይል።

«ቤት ነው። ቀኝ እጁ አልታዘዝ ካለው ዓመት ሆነው።» ፋሻውን መጠቅለል ጀመረች። «አባዬ ስለ አንተ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ለአሰልጣኙ የነገርኩት እኔ ነኝ።»

ሊነሳ ሲል በመጀመሪያው አጋማሽ የተመታው ቁርጭምጭሚቱ አልችል አለውና ተመልሶ ተቀመጠ። ሁለት ዓመት ሲጠላው የኖረው ሰው ጣሪያ እያየ ይሸሻት ከነበረችው ልጅ ሌላ አልነበረም ማለት ነው።

«ሌሊት ሌሊት ያመኛል ብለህ የነገርከው ለእኔ ብቻ ነው» አለች። «ሦስት ወር ይረፍ ነው ያልኩት። ውልህን ይሰርዛል ብዬ አላሰብኩም።»

«ምነው ለእኔ አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ ትጫወት ነበር።»

እውነቷን ነው። ይጫወት ነበር፤ እግሩም እዚያው ይቀር ነበር። ሐኪሙ ያንን ሲነግረው ያልሰማው ጆሮው ዛሬ ሰማ። አፈረ።

«ልበቀል ብዬ ነው የኖርኩት» አለ በመጨረሻ። «አሁን ማንን ልበቀል?»

«እኔን ነዋ። ፋሻውን ወርውረህብኛል፤ ተራው የእኔ ነው። ሁለት ዓመት ደውዬልሃለሁ፣ ምንዬ።»

ተንበርክካ ጫማውን አወለቀች። የፋሻውን ሁለት ቅዳጅ ቋጥራ ያበጠውን ቁርጭምጭሚት ማሰር ጀመረች። መስመሩ ያው ነው፣ ጸጉሯ መሃል። ዛሬ ዓይኑን ወደ ላይ አላሸሸም።

«ጠበቀብኝ።»

«ይጥበቅ» አለች፣ ጭራሽ እየሳበች።

«መቼ ትፈቺልኛለሽ?»

«አዘዞ ስትመጣ። መጀመሪያ የአባዬን ጉልበት ትስማለህ፤ እሱ ፊት ነው የምፈታልህ።» ቦርሳዋን አንስታ ሳትሰናበተው ሄደች።

አውቶቡሱ ሲነሳ ማንም አላናገረውም፤ ተገቢ ነበር። የቡድኑ ወጌሻ ብቻ በረዶ ይዞ መጣና ፋሻውን ሊፈታ እጁን ሰደደ። ምንይችል እግሩን ወንበሩ ሥር ሳበው።

«አይነካም» አለ።

«አብጧል እኮ፣ ልፍታው።»

«የሚፈታው ሰው አለ።»

በመስኮቱ የአዘዞ አዳዲስ ቤቶች ብቅ ብቅ አሉ። ቀይ ካርድ ያየ ሰው ለቀጣዩ ጨዋታ አይፈለግም። እያነከሰ ወደ ፊት ሄደና ሾፌሩ ትከሻ ላይ እጁን አሳረፈ።

«እዚህ አውርደኝ» አለው።