ቢጫዋ መኪና በአምስተኛው ዙር

እሁድ ዕለት ኢንስፔክተሯ የመኪና መሮጫው ሜዳ ስትደርስ ከረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ሟቹን ከመኪናው አውጥተው፣ ነጭ አንሶላ አልብሰው፣ ከመጀመሪያው ኩርባ አጠገብ ሣሩ ላይ አስተኝተውታል። ድልድይ በመሥራት የታወቀ መሐንዲስ ነበር፤ ዕድሜው ከሃምሳ ብዙም አልዘለለም። አርባ ዓመት ያለፋት ባለሁለት መቀመጫ ቢጫ የጃፓን ስፖርት መኪናው ቀኝ ጎኗን ከሲሚንቶው ግድግዳ ጋር አላትማ ቆማለች። መሪዋ በስተቀኝ ስለሆነ ምቱ ያረፈው እሱ ላይ ነው። ፊቷና የፊት ጎማዎቿ ግን ጭረት እንኳ የላቸውም።

«ነገሩ ያለቀለት ነው» አላት ቀድሟት የደረሰው ሳጅን። «ፍሬን እምቢ ብሎት ነው። ሐሙስ ዕለት ፍሬኑን የሠራው ሜካኒክ ያውልሽ። ንቅንቅ እንዳትል ብዬዋለሁ።»

ሰማያዊ ቱታ የለበሰ ሽማግሌ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ የገዛ እጆቹን እያገላበጠ ያያል።  

«ፍሬኑን ተጭነህ አየኸው?» አለችው ሳጅኑን።

«ኧረ አላየሁም።»

ኢንስፔክተሯ ስለ መኪና የምታውቀው ቤንዚን ሲያልቅ እንደምትቆም ብቻ ነው። ቢሆንም በግራው በር ገባች፤ ጎንበስ ብላ ፔዳሉን በእጇ ተጫነችው። እንደ ድንጋይ ነው። ደግማ ብትጫነውም ፍንክች አላለም።

«ይሠራል» አለች።

«እንግዲያው ልቡ ቀጥ ብሎበት ነው!» ሳጅኑ ሐሳቡን ለመቀየር ጊዜ አላጠፋም።

«ማርሹ ሁለተኛ ላይ ነው። የእጅ ፍሬኑ እስከ ጥግ ተስቧል። ልቡ የቆመ ሰው ይህን ሁሉ ሥራ አይሠራም። ሰውየው መኪናዋን ለማቆም ያልሞከረው ነገር የለም፤ ታዲያ ደህና ፍሬን እግሩ ሥር እያለ?»

ሳጅኑ ራሱን አከከ።

መጀመሪያ ያነጋገረችው የሟቹን የቅርብ ጓደኛ፣ የጥርስ ሐኪሙን ነው። የእሱ መኪና የቢጫዋ መንትያ ናት፤ ዓመቷም ዓይነቷም አንድ ነው። ቀለሟ ብቻ ነጭ ነው። መሐንዲሱ ሞተር ቀይሮ፣ ሞላ አሳጥሮ፣ ወንበር አስወጥቶ ሲያበቃ፣ ሐኪሙ ግን ከፋብሪካ እንደወጣች ጠብቋታል። በየትርኢቱ ሽልማት የምትወስደው እሷ ናት። ሲያነጋግራት እንኳ በለስላሳ ጨርቅ ኮፈኗን ይወለውላል።

«ከኋላው ነበርኩ፤ ቢበዛ በሁለት መኪና ርዝመት» አለ። «ሁልጊዜም እንደዚያ ነው የምንነዳው። ወደ ኩርባው ስንቃረብ የፍሬን መብራቱ ይበራል ብዬ ብጠብቅ፣ ብጠብቅ… አንዴም አልበራም። ራሱን ስቶ መሆን አለበት። ሰሞኑን ደረቴን ያመኛል ይለኝ ነበር።»

«አዝናለሁ» አለችው። ዓይኗ ነጯ መኪና ላይ ነበር። በሯ ላይ ያለው የሰባት ቁጥር ተለጣፊ በማስመሪያ የተለካ ይመስላል። የፊት ፓራፋንጎዋ ላይ ያለው ትንሹ ሰባት ግን ዘመም ብሏል።

የሟቹ ሚስት ነርስ ናት። ከመሮጫው አጠገብ ካለው የጥገና መጋዘን ጥላ ሥር አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች፤ የባሏን ማስታወሻ ደብተር በሁለት እጇ ጨብጣዋለች።

«ደረቱን ያመው ነበር?»

«እሱን? እኔ ነኝ በየስድስት ወሩ የማስመረምረው። እንደ በሬ ጤነኛ ነበር።»

«ሐሙስ ከጋራዥ ከመጣች በኋላ መኪናዋን የነካ ሰው አለ?»

«ቤት ነው የቆመችው። ዓርብ የእረፍት ቀኔ ስለነበር እኔው ነኝ በር የከፈትኩት። ጠዋት ወንድሙ መጣ። የአባታቸውን የድሮ መሪ፣ የእንጨቱን፣ ሊወስድ ነው። ዐሥር ደቂቃም አልቆየ፤ ሻይ እንኳ ልሥራልህ ብለው እምቢ አለኝ። ከሰዓት ደግሞ ሐኪሙ መጣ። የመኪናዋን ቁመት ልለካ፣ የኔንም እንደሷ ዝቅ ላደርጋት አስቤያለሁ አለ። ክሪክ ሲያንቋቋ እሰማው ነበር። አንድ ሰዓት ቢቆይ ነው።»

«ባለቤትሽ ሰሞኑን የተለየ ነገር አልነገረሽም?»

 «ረቡዕ ፊቱ ጠቁሮ መጣ። ‹ለአንድ ሰው እስከ እሁድ ከሰዓት ጊዜ ሰጥቼዋለሁ፤ በአሮጌ መኪኖች ማኅበራችን ፊት ራሱ ይናገር› አለኝ። ማን ነው ብለው አልነግርሽም አለ። የሰው ገመና አያወጣም እሱ።» ደብተሩን ሰጠቻት። «የሚለካውን ሁሉ እዚህ ነው የሚጽፈው።»

የመጨረሻው ገጽ ላይ ሁለት ረድፍ ቁጥር አለ፤ አንዱ «ቢጫዋ»፣ ሌላው «ነጯ» ይላል። ከታች አንድ መስመር ተከቦበታል፦ «የሻንሲ ቁጥር ካለበት ላሜራ እስከ ጠርዝ፣ አራት ሚሊ ሜትር ልዩነት። ለምን?»

ታናሽ ወንድምየው የፊዚክስ መምህር ነው። አጥሩን ተደግፎ ቆሟል። ሁለት ወር አይሆነውም በማኅበሩ ስብሰባ መሐል ተነስቶ፣ በታላቁ ላይ ጮሆበታል። መኪናዋ የአባታቸው ነበረች።

«ምን ነበር ያልከው ያን ቀን?»

«ሰው ሁሉ የሰማውን ምን ይጠይቁኛል? ‹አባቴን በመጋዝ እየቆረጥከው ነው› አልኩት።» አጥሩን በመዳፉ መታ። «ከዚያ ወዲህ አልተነጋገርንም። ዓርብም እሱ እንደማይኖር አውቄ ነው የሄድኩት። አሁን እናታችን ቤት ተቀምጣ ምሳ ሰዓት ላይ ትጠብቀዋለች። ልጅሽ ሞተ ብዬ እንዴት ነው የምነግራት? እሱን ይንገሩኝ፣ ሌላውን ይተዉት።»

ኢንስፔክተሯ ክንዱን ነካ አድርጋው ወደ ሽማግሌው ሄደች።

«ጋሼ፣ እኔ መሃይም ነኝ፤ እንደ ልጅ አስረዱኝ። እየተነዳ የሚጠፋ፣ ቆይቶ የሚመለስ ፍሬን አለ?»

ሜካኒኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ከእጆቹ ቀና አለ። «ፍሬን የሚይዘው በዘይት ግፊት ነው፣ ልጄ። ዘይቱ እሳት ቢሆን አይፈላም። ውሃ ከገባበት ግን፣ አራት አምስት ዙር አጥብቀው ከነዱ ጎማው ጋ ያለው ይፈላል። እንፋሎት ይሆናል። እንፋሎት ደግሞ እንደ ስፖንጅ ነው፤ ፔዳሉ ወለል ድረስ ጥልቅ ይላል።»

«ሲቀዘቅዝስ?»

«ሲቀዘቅዝማ ተመልሶ ውሃ ይሆንና ፔዳሉ ይጠነክራል…» ሽማግሌው ከተቀመጠበት ተነሳ። «ኮፈኑን ክፈቱልኝ!»

የፍሬን ዘይት መያዣው እስከ አፉ ሞልቷል። «እኔ ጣት ያህል አጉድዬ ነው የምተወው፤ ሲግል ይነፋላ» አለ። ከመያዣው ሥር ያለው ቢጫ ቀለም እንደተቃጠለ ቆዳ ኩፍ ብሏል። «የፍሬን ዘይት ቀለም ይበላል። ይሄ ሐሙስ አልነበረም። ሞልቶ ፈሶ ነው።»

የፊት ጎማዎቹን አወረደ። አየር የሚወጣባቸውን ትንንሽ ቡሎኖች አጥብቆ ሲጨርስ በቀይ የጥፍር ቀለም መስመር ያሰምርባቸዋል፤ ልማዱ ነው። በሁለቱም የፊት ጎማ ላይ መስመሩ ለሁለት ተሰብሯል። ከአንደኛው ጥቂት ጠብታ በቆርቆሮ ተቀብሎ በጋዝ ምድጃ ላይ ቢያሞቀው፣ ገና ከመጣዱ ተንጨረጨረ።

«ከታች ነው የገባው» አለ ድምፁ ዝቅ ብሎ። «በዚህች ቡሎን ውሃ ወደ ላይ ከተገፋ፣ ዘይቱ ተገፍቶ መያዣውን ይሞላል። ፔዳል የሚረግጥ ረዳት አያስፈልግም። ትልቅ ስሪንጅና ቀጭን ቱቦ ያለው ሰው ብቻውን ይሠራዋል።» ከዚያ ዓይኗን አየ። «እኔን አይጠረጥሩኝም?»

«እርስዎ ቢሆኑ ሐሙስ ዘይት ሲሞሉ ውሃውን ያኔውኑ በጨመሩት ነበር። ምልክትዎን ሰብረውም ቢሆን መልሰው መቀባት ማን ይከለክልዎታል?»

ሽማግሌው ጀርባውን ሰጣት። ዓይኑን በቱታው እጅጌ ሲጠርግ አይታ እንዳላየች ሆነች።

ከዚያ የሰዓት ያዡን ማማ ደረጃ አንድ በአንድ ወጣች። መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለው አዛውንት የየመኪናውን የዙር ሰዓት የመዘገበበትን ወረቀት ዘረጋላት። እሷም እያንዳንዱን ዙር በጣቷ እየተከተለች ረዘም ላለ ጊዜ አነበበች፤ አንዳንድ ነገርም ጠየቀችው።

ስምንት ሰዓት ላይ ሁሉንም በጥገና መጋዘኑ ሰበሰበቻቸው። በአንድ በኩል ቢጫዋ፣ በሌላው ነጯ ቆማለች። ውጭ ሰማዩ ጠቁሯል። ሳጅኑ በሩ ላይ ቆመ።

«መሐንዲሱ ተገድሏል» አለች ኢንስፔክተሯ።

ሚስትየዋ ወንበሯን ጨበጠች። ኢንስፔክተሯ ስለ ውሃው፣ ስለ እንፋሎቱ፣ ስለ ተሰበረው ቀይ መስመር አንድ በአንድ አስረዳች።

«ስለዚህ የምንፈልገው ሰው ዓርብ ከመኪናዋ ጋር ብቻውን የነበረ፣ ስሪንጅ ከእጁ የማይጠፋ ሰው ነው።»

«ነርሷ አለችላችሁ!» አለ ሐኪሙ ፈጠን ብሎ። «ስሪንጅ እኔ ጋ ብቻ ነው እንዴ ያለው?»

«የርስዎን ስም ገና አላነሳሁም፣ ዶክተር። እሷ ብትሆን መኪናዋን የነካ እንዳለ ስጠይቃት ‹ማንም› ብላ ዝም ማለት ትችል ነበር። ልቡ ነው ቢባልም እሷን በጠቀማት። ባሌ ጤነኛ ነው ብላ የተሟገተች እሷ ናት። ወንድምየው ደግሞ ዐሥር ደቂቃ ነው የቆየው፤ ሁለት ጎማ አውርዶ ይህን ሠርቶ ለመመለስ አይበቃም። የአባቱን መኪና አንድ ላሜራዋ ተቆረጠ ብሎ ወንድሙን ያኮረፈ ሰው፣ ግድግዳ ላይ አያላትማትም።»

ወንድምየው ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

«እርስዎ ግን፣ ዶክተር፣ ቁመት ልለካ ብለው አንድ ሰዓት ቆዩ። ክሪክ ሲያንቋቋ ተሰምቷል። ጋሼ፣ መኪና በክሪክ ተነስታ ቁመቷ ይለካል?»

«ምን ብሎ! በአራት እግሯ ቆማ ነው እንጂ።»

«ወደ ዛሬው ጠዋት እንምጣ። ዶክተር፣ ከኋላው ሁለት መኪና ርዝመት ላይ ነበርኩ፣ የፍሬን መብራቱ አንዴም አልበራም ብለውኛል። አባባ፣ ወረቀቱ ምን ይላል?»

ሰዓት ያዡ መነጽሩን አወረደ። «ሁለት ዙር አብረው ናቸው፤ እንደ ሁልጊዜው ተለጥፈው። በሦስተኛው ነጯ ወደ ኋላ ቀረች። አራተኛውን ሲጨርሱ ልዩነቱ ዐሥራ አራት ሰከንድ ነው። ከማማዬ እስከ ኩርባው ዐሥር ሰከንድ አይፈጅም። እሱ ግድግዳውን ሲመታ፣ ዶክተሩ ገና እኔ ጋ አልደረሱም ነበር። መብራቱን ደግሞ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ፤ አራት ጊዜ በራ፣ ጠፋ። እየደጋገመ እየረገጠ ነበር፣ ምስኪን።»



«ያላዩትን አየሁ ያሉት ልብ ድካም ነው እንድንል ነው። ወደ ኋላ የቀሩትም ሊመጣ ያለውን ስለሚያውቁ ነው፤ ቢጫዋ ስትሽከረከር ነጯን እንዳትነካት» አለች ኢንስፔክተሯ። ወደ ነጯ መኪና ሄዳ የዘመመውን ሰባት ቁጥር በጥፍሯ ያዘችው።

«ተይው!» ብሎ ጮኸ ሐኪሙ። አንድ እርምጃ ሲራመድ ሳጅኑ ክንዱን ያዘው።

ተለጣፊው ተላቀቀ። ከሥሩ ሁለት ጣት ያህል ቀለም ኩፍ ብሎ ተልጧል።

«በየቀኑ የሚወለውሏት መኪና ናት» አለች። «ዓርብ ሲወጡ፣ በዘይት የራሰውን ጨርቅ ረስተው እዚህ አስቀመጡት፤ አይደለም?»

«የራሴ ፍሬን ዘይት ነው የፈሰሰብኝ!»

«ይሆናል። ግን መሐንዲሱ ረቡዕ ጊዜ የሰጠው ለማን እንደሆነ ጋሼ በጣታቸው ይነግሩናል። ኮፈኑን ይክፈቱና የመኪናዋ መታወቂያ የሆነው የሻንሲ ቁጥር ያለበትን ቦታ ይዳስሱልኝ።»

ሜካኒኩ እጁን በጨርቅ ጠርጎ ጎንበስ አለ። ዓይኑን ጨፍኖ ጣቱን በላሜራው ጠርዝ አስኬደው። አንድ ቦታ ሲደርስ ቆመ፤ ተመለሰ፤ እንደገና አስኬደው።

«ብየዳ ነው» አለ። «በስቱኮ ደፍነው ቀብተውታል። ቁጥሩ ከሌላ መኪና ተቆርጦ እዚህ የገባ ነው።»

«አራት ሚሊ ሜትር» አለች ኢንስፔክተሯ። «መሐንዲስ ያስተውላታል። ይህች መኪና የተሰረቀች ናት፤ ቁጥሯ የሌላ የተሰባበረች መኪና ቁጥር ነው። ዛሬ ከሰዓት በማኅበሩ ፊት ራሱ ይናገር ብሎ ጊዜ ሰጠዎት። ጓደኛዎ ስለነበር ሊያዋርድዎት አልፈለገም።»

ሐኪሙ የመጋዘኑን ሰው ሁሉ በየተራ አየ። ከዚያ ድምፁ ባዶ ሆኖ ወጣ።

«ለመንኩት» አለ። «እግሩ ላይ ወድቄ ለመንኩት። ሃያ ዓመት በዚህች መኪና ነው ሰው የሚያውቀኝ። ክሊኒኬ ግድግዳ ላይ የጥርስ ፎቶ የለም፤ የእሷ ነው ያለው። ‹አንተ መኪና አይደለህም› አለኝ። ገብቶት ነው እንደዚያ የሚለኝ?»

«ሃያ ዓመት ቤታችን በልተሃል» አለች ሚስትየዋ። ድምፅዋ ከፍ አላለም። «ሬሳው ላይ ጎንበስ ብለህ ስታለቅስ እኔ ነኝ ያነሳሁህ።»

 ሳጅኑ ለሐኪሙ ካቴናውን አስገባለት። በሩ ጋ ሲደርሱ የመጀመሪያዎቹ የዝናብ ጠብታዎች ቆርቆሮው ላይ መንኳኳት ጀመሩ፤ የመጋዘኑ ጣሪያ ደግሞ በነጯ በኩል ክፍት ነው። ሐኪሙ ዞረ።

«እባካችሁ አንድ ነገር» አለ። «ሸራ አልብሷት። ቀለሟ ተልጧል፣ ዝናብ ከገባበት ብረቱ ይዝጋል።»

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ወንድምየው ፊቱን አዞረ። ሐኪሙን ወደ ፖሊስ መኪናው ወሰዱት፤ በሩ ሲዘጋ ተሰማ።

ከዚያ ሜካኒኩ ቀስ ብሎ ሄደና ጥግ የተጣለ ሸራ አነሳ፤ አራገፈው። አንዱን ጫፍ ይዞ ብቻውን ሲታገል ወንድምየው በቁጣ አየው።

«ጋሼ፣ ለዚያ ሰው ብለው ነው?»

«ለሱ አይደለም» አለ ሽማግሌው። «ይህች የሰው ንብረት ናት። ጠዋት ተነስቶ ባዶ ጋራዥ ያገኘ አንድ ሰው የሆነ ቦታ አለ። እስኪገኝ ድረስ እንዳትበላሽበት ነው።»

ወንድምየው ሄዶ ሌላኛውን የሸራ ጫፍ ያዘ።