በሞቴ የተባለው ብረት

እኔ ጋዜጠኛ ነኝ፣ ያላየሁትን አልጽፍም፣ ሰይጣን አየሁ የሚል ሰው ሲመጣብኝም መጀመሪያ የምጠይቀው መብራት ነበር ወይ ብዬ ነው፤ ይህ ግን በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ፣ ፋርመርስ ብራንች በምትባል የአሜሪካ ከተማ ውስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ የሆነ ነው፣ እመኑኝ።

ግርማ የሚባል ወዳጄ እዚያ አንድ ሀብታም ነጭ ሽማግሌ ይንከባከብ ነበር። ሰውየው ሲነኳቸው የሚንቀሳቀሱ የድሮ የብረት ሳንቲም ማጠራቀሚያዎች ይሰበስባል፣ አሳማ ያቀፈ አይሪሽ፣ ሹሩባው የረዘመ ቻይናዊ፣ ሁሉም ለመሳቂያ የተሠሩ። ከሁሉ የሚወደው ከደረቱ በላይ ብቻ ያለ ጥቁር ሰው ነበር፣ ዓይኑ የፈጠጠ፣ ከንፈሩ እንደ ቁስል የቀላ፣ መዳፉ ላይ ሳንቲም አድርገው ትከሻውን ሲጫኑት እጁን አንስቶ ዓይኑን ወደ ላይ እያዞረ የሚውጥ። እንግዳ በመጣ ቁጥር ግርማ «ወንድምህ ራበው» እየተባለ እንዲያጎርሰው ይታዘዛል። ግርማ ልጆቹን ለማስመጣት ራሱ ስፖንሰር ስለሆነ፣ ገቢ ማሳየትም ስላለበት፣ ሥራውን ማጣት አይችልም፣ እኔን የጠራኝም ሽማግሌው ጋዜጠኛ ሲያይ አፍሮ ይተወኝ ይሆናል ብሎ ነው።

አላፈረም። ያን ቀን ግን ብረቱ እምቢ አለ፣ ትከሻውን ቢጫኑት፣ ቢመቱት፣ አይነቃነቅም። ሽማግሌው ዛሬ ካልበላ ሁለተኛ አጉርሰው አልልህም አለ እየሳቀ። የግርማ ፊት በራ፤ ደስታው ቀልድ አመጣበት መሰለኝ፣ ከማዕድ የሚሸሽ እንግዳ እንደሚለምን ሰው ሳንቲሙን የብረቱ መዳፍ ላይ አስቀምጦ ፈቀቅ አለና፣

«በሞቴ፣ ብላ እንጂ» አለው።

ማንም አልነካውም፣ የእኔ እጅ ኪሴ ውስጥ ነበር፣ ሽማግሌውም ወንበሩ ላይ። መጀመሪያ ከውስጡ ጥርስ የሚፋጭ የመሰለ ድምፅ ተሰማ፣ ከዚያ ክንዱ ቀስ ብሎ ተነሳ፣ ዋጠ፣ ዓይኑ ግን እንደ ወትሮው ወደ ላይ አልዞረም፣ ግርማ ላይ ቀረ። መዳፉን መልሶ ዘረጋ።

ሽማግሌው እንባው እስኪመጣ ሳቀ። በኋላ ለምኜው በሰዓት ጠጋኝ አስከፈትነው፣ ስፕሪንጉ ተሰብሯል፣ ሊሠራ አይችልም ተባልን። ከግርማ በቀር ከማንም አይበላም፣ ያውም በሞቴ ካልተባለ፤ ሰውየውም ደሞዝ ጨምሮለት ከበፊቱ የባሰ እንግዳ ይጠራ ጀመር።

ግርማ ከሳ። አንድ እሁድ ከሰዓት ኮል አደረግኩና ተወው፣ ኤርፖርት ሥራ እፈልግልሃለሁ አልኩት።

«ትቼዋለሁ እኮ ጋሼ፣ ማለቴ፣ ሥራውን ለቅቄያለሁ» አለኝ በደከመ ድምፅ። «ሲርበው ግን ይሰማኛል። ቆይ አንዴ፣ አፉን ከፈተ።»

የደወልኩት ብረቱ ወዳለበት ወደ ሽማግሌው ቤት አልነበረም፣ ዴንተን ከተማ ወዳለው የራሱ አፓርታማ ነበር። ስልኩን አስቀምጦ ሲሄድ አልዘጋሁም፣ ከወዲያ በሞቴ፣ በሞቴ ሲል እሰማዋለሁ፣ ሰው እንደሚለምን አድርጎ፣ እያለቀሰ።