ቀድሞኝ የደረሰው ዶቅዶቄ

እኔ እንግዲህ በእንዲህ ያለ ወሬ የማምን ሰው አልነበርኩም፣ ዛሬም አምነሃል ወይ ብትሉኝ አላመንኩም ነው የምላችሁ፣ ሰው በመንገድ ጥላ ተከተለኝ ሲል ሰምቼ «ጠላው ነው የተከተለህ» ብዬ የምስቅ ነበርኩ። የሰማሁትን ግን ሰምቻለሁ። ፍርሃቱስ ይሁን፣ ያልፋል፣ ንዴቱ ነው እስከ ዛሬ ያላለፈልኝ።

ነገሩ በጃንሆይ ጊዜ ነው፣ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ አንድ ክሊኒክ ዘበኛም መላላኪያም ሆኜ ስሠራ። በሽተኛ የሚያክመው ድሬሰራችን ከደብረ ብርሃን አሮጌ ዶቅዶቄ አመጣና «ከበቅሎ ይሻልሃል፣ ተማረው» ብሎ ሰጠኝ። የሚሻለውስ በቅሎ ነበር፣ በቅሎ ስትለግም ጆሮዋን ጥላ አስቀድማ ትነግርሃለች፣ ይሄ ግን ጠዋት እንደ ንብ ሲያጉረመርም ቆይቶ ዳገት ሲያይ ሳል ይጀምረዋል። እኔም ገና ለማጅ ነኝ፣ ስለ ሆድ ዕቃው የማውቀው ድሬሰሩ ያሳየኝን ብቻ ነው፤ እምቢ ሲልህ እሳት የሚጭርለትን ካንዴላ ፈተህ ጥቀርሻውን ጥረግ፣ ካልሆነ ቤንዚኑ በደንብ መውረዱን እይ፣ በቃ።

ታናሽ እህቴ አስካለ ቀየት የሚባል አገር ነበር ያገባችው። የበኩር ልጇን በወለደች ሳምንት ሳይሞላት ትኩሳት ጣላትና ባሏ ጌታነህ ሰው ላከብን። ድሬሰሩ ነጭ ኪኒን በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝና፣ «ዛሬ ካልዋጠች ነገ ብታደርስላት ትርጉም የለውም» አለኝ። ደረት ኪሴ ከተትኩት። እናቴ ዶቅዶቄውን ስታማትብበት ትቻት ወጣሁ።

ከከተማው ፈቀቅ እንዳልኩ መንተፋተፍ ጀመረ። ይታፈናል፣ ይተፋል፣ ደግሞ ዘለል ይላል። ሜዳው ላይ ስደርስ ጉም ወረደ፣ የመንዝን ጉም ታውቁት እንደሆነ የገዛ እጅህን ነው የሚደብቅብህ፣ እዚያው ጉሙ ውስጥ አንዴ አቃስቶ ጠፋ።

ወዳጄ፣ ያን ዕለት ያልተሳደብኩት ስድብ የለም። ካንዴላውን ፈታሁ፣ ርጥብ ነው፣ በጋቢዬ ጫፍ ጠርጌ ገጠምኩት፣ በእግሬ መታሁት፣ ቱፍ ብሎ ዝም። እንደገና ፈታሁ፣ ጠረግሁ፣ መታሁ፣ ቱፍ ብሎ ዝም። እህቴ እየነደደች እኔ ከብረት ጋር ትግል ገጥሜያለሁ። «አንተ ጣሊያን ጥሎህ የሄደ ቅራቅንቦ!» ብዬ ጎማውን በርግጫ ብለው የታመመው የራሴ አውራ ጣት ሆነ።

ይኼኔ ነው ከጉሙ ውስጥ ሌላ ዶቅዶቄ የሰማሁት።

እመኑኝ፣ በዚያ ዘመን በዚያ መንገድ ከእኔ በቀር ዶቅዶቄ የሚነዳ አልነበረም። መጀመሪያ ደስ አለኝ፣ የሚረዳኝ መጣ ብዬ «ኧረ ወንድሜ፣ ኧረ እዚህ ነኝ!» እያልኩ ጮህኩ። ድምፁ ቀረበ፣ ሳል የለው፣ ጥርት ብሎ የሚሠራ ሞተር ነው። የእኔው የጭስ ማውጫ ስንጥቅ ስለነበረበት በየመሐሉ ያፏጭ ነበር፣ ያችው ፉጨት እዚያም አለች። በአጠገቤ አለፈ፣ የቤንዚኑ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ፣ ሣሩ ሲጋደም ሰማሁ፣ ሰው ግን አላየሁም፣ ጎማም አላየሁም። ወደ ቀየት ራቀ። እጄን የእኔው ሞተር ላይ ጫንኩ፣ በረዶ ሆኗል።

መፍራት ሲገባኝ ደሜ ፈላ። «አንተ ባለጌ! ሰው ሜዳ ላይ ቆሞ እያየህ ታልፋለህ?» ብዬ ጮህኩበት።

በዚያው ንዴት የቤንዚኑን ቧንቧ ነቅዬ በመዳፌ ብቀበል መጀመሪያ የወረደልኝ ውሃ ነው፣ እንደ ዶቃ እየተንከባለለ ከቤንዚኑ ይለያል። እናቴ! እንዳይጥለኝ ብላ የሚካኤልን ጠበል አጠጥታዋለች። «እማዬ፣ ይሄ እኮ ሆድ ቁርጠት የለበትም!» ብዬ ብቻዬን ጮህኩ። ደግሞ ጠበል እግር በሚረግጠው መሬት አይደፋ ነገር፣ እየተራገምኩ በመዳፌ እያቆርኩ ሰው ወደማይረግጠው ቋጥኝ ተመላለስኩ፣ ስሜቴ ድፋው ይለኛል፣ እጄ እምቢ ይላል። ንጹሕ ቤንዚን ሲወርድ ቧንቧውን ገጠምኩ፣ መታሁት፣ ተነሣ።

ቀየት ስደርስ ጀንበር ልትጠልቅ ነው። ጌታነህ ከነጎረቤቱ ደጅ ቆሟል፣ ፊታቸው ሁሉ አመድ መስሏል።

«ወንድሜ፣ ወዴት ሄደህ ነው የተመለስከው?» አለኝ።

«ከየት እመለሳለሁ? አሁን መድረሴ ነው!»

«ቅድምስ? ዶቅዶቄህ ቤቱን ሲዞር ሰምተን አይደል እንዴ ልንቀበልህ የወጣነው፣ ድምፁን ተከትለን እስከ ወንዙ ወረድን እኮ፣ አጣንህ።»

«አስካለ ዘንድ ማን ቀረ?»

ጌታነህ አቀረቀረ። አንዲት ጎረቤት ናቸው የመለሱልኝ፣ «ኧረ ልጄ፣ ሁላችንም ወጣን፣ ዶቅዶቄ መቼ አይተን እናውቃለን!»

በእኛ አገር አራስ ብቻዋን አትተውም፣ ከራስጌዋም ብረት አይነሣም፣ ይህን ሕፃን ያውቀዋል። «ለጩኸት ብላችሁ አራስ ጥላችሁ ወጣችሁ?» ብዬ ጌታነህን በጋቢው አንቄ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት፣ በስንት መከራ አላቀቁን።

ስገባ አስካለ ተደግፋ ተቀምጣለች። ላብ አጥምቋታል፣ ትኩሳቱ ግን ለቋታል። ኪኒኑን ከኪሴ ሳወጣ ፈገግ አለች።

«ጋሼ፣ ቅድም ያዋጥከኝ አይበቃም?»

ወረቀቱ እንደታሰረ ነው፣ ፈትቼ አሳየኋት፣ አንድም አልጎደለም። ቀጥዬ ልጁን አየሁት። ግንባሩ ላይ የጥቁር ዘይት አሻራ አለበት፣ የአውራ ጣት ያህል። ከእጅህ ነው ትሉኛላችሁ፣ እኔ ገና አልነካሁትም።

ያመጣሁላትንም አዋጥኳት፣ ዳነች። ያዳነሽ የእኔው ኪኒን ነው እላታለሁ፣ የመጀመሪያው ነው ትለኛለች፣ በዚህ ስንጣላ አረጀን። ፊቴን አይተሽ ነበር ወይ ስላት «ብርድ ነው ብለህ በጋቢህ ተከናንበህ ነበር» ትላለች። ምን አዋጥኩሽ ስላት «ነጭ አልነበረም» ብላ ወሬ ትለውጣለች። ልጁንም አቅፈህ በጆሮው አንድ ነገር አልከው ትለኛለች። ምን አልኩት ብዬ ስጠይቃት ግን፣ ያ ሕፃን ዛሬ የልጆች አባት ነው፣ እሱ አጠገባችን ካለ ውሃ ቀዳልኝ ብላ ታስወጣዋለች፣ እሱ ከወጣ በኋላም አትነግረኝም።