የማይደርቀው ቅጠል

ተረት አይደለም፤ እዚሁ ማራኪ፣ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ የሆነ ነው። ካላመናችሁ የራሳችሁ ጉዳይ። እኔ ይመኙሽ ራሷ በአፏ ያጫወተችኝን ነው የምነግራችሁ።

ባለፈው ጥቅምት፣ ሐሙስ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት... በፀሐይ።

ይመኙሽ ግቢው ውስጥ የዕፅዋት ናሙና አድራቂ ናት። ባሏ ዕንባቆም ደግሞ ለጥናት ከየጫካው ቅጠል ይሰበስባል። በዚያ ሰሞን ከሸካ ደን አንድ ቅርንጫፍ ይዞ መጣ፤ ከትልልቆቹ ዛፎች ጥላ ሥር ከሚበቅል ቀጭን ዛፍ የቆረጠው። ስሙን የሚያውቅ አልተገኘም።

ሥራዋ ቀላል ነው። ቅርንጫፉን በጋዜጣ መሃል ታስተኛለች፣ በጣውላ ትጫነዋለች፣ በየቀኑ እርጥቡን ጋዜጣ በደረቅ ትለውጣለች። በአምስት ቀን ይደርቃል።

ይሄኛው እምቢ አለ።

በስድስተኛው ቀንም ጋዜጣው ሲጨመቅ ውሃ ያንጠባጥብ ነበር። ቅጠሉ እንዳለ ለምለም...

ቤት ደግሞ ዕንባቆም ታሟል። መጀመሪያ ከንፈሩ ተሰነጠቀ። ቀጥሎ ላቡ ጠፋ። ሐኪም ቤት ግሉኮስ ሰቀሉለትና ምንም የለበትም ብለው መለሱት። ጀሪካን ሙሉ ይጠጣል፣ ሽንት ቤት አይሄድም። ታዲያ ውሃው የት ይገባል?

ያን ሐሙስ አስጠግቶ አንሾካሾከላት።

"ጋዜጣውን ስትለውጪ... ይሰማኛል።"

ክው አለች። ለካ ስድስት ቀን ሙሉ ባሏን የምትጨምቀው ራሷ ኖራለች!

ቅጠሉን አውጥታ ውሃ ውስጥ ልትነክረው ወደ ግቢ ሮጠች። ጣውላውን አነሳችው።

ባዶ ነው።

የሥራ ባልደረባዋ አያ አስናቀው እዚያው ነበሩ፤ ሸጋ ሰው ናቸው፤ የባሏን መታመም ሰምተው አዝነውላታል።

"አያ... ቅጠሉስ?"

"ምነው ተርበተበትሽ? አንቺ በሕመምተኛ ተይዘሻል ብዬ፣ በኤሌክትሪክ የሚሞቀው ማድረቂያ ሳጥን ውስጥ ከተትሁልሽ።"

"መቼ?"

"ከምሳ በኋላ።"

ከፈተችው። ቅጠሉ ደርቋል። ውሃ ደፋችበት፤ ውሃው በላዩ ተንከባሎ ወረደ። አያ አስናቀው ግራ ገብቷቸው ያዩዋታል። ምን ትበላቸው? የዋህ ሰው፣ ሊረዷት ብለው ነው።

እንዴት ቤቷ እንደደረሰች አታውቀውም።

ዕንባቆም አልጋው ላይ ነው። ዓይኑ ያያታል፣ ትንፋሹም አለ። ልታቃናው አንገቱ ሥር እጇን ሰደደች...

ተነሳላት። ሁለመናው። በአንድ እጇ።

"ይመኙ..." አላት፣ "መስኮቱን..."

ነፋስ ገባ። መጋረጃው ተነሳ፤ ዕንባቆምም ከፍራሹ ከፍ አለ። መስኮቱ ማዶ ነው፤ ልትዘጋው ብትሄድ ባሏን መልቀቅ ሊኖርባት ነው።

አልቻለችም። እያለቀሰች፣ በሁለት እጇ ፍራሹ ላይ ተጫነችው።