ጎሽ ያልተባለችው ፈረሰኛ

በዚያ ቤት ከሰው ይልቅ ፈረስ ይመሰገን ነበር። አባትየው ፈረስ አሠልጣኝ ነው፤ ፈረሱ በሙዚቃ ስልት እግሩን እያነሳ ሲረግጥለት አንገቱን መታ መታ ያደርግና «ጎሽ!» ይለዋል። ጀርባው ላይ ሆና ላቧን የምታንጠፈጥፈው አንድ ልጁ ግን ያችን ቃል ከአፉ ሰምታት አታውቅም። «ጅራት ቢኖረኝ እኔም በተመሰገንኩ ነበር» እያለች እናትየው ትቀልዳለች። ልጅቱ አብራት ትስቃለች፤ ሆዷ ግን ይከፋል።

አባትየው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ልጁን ያሳደጋት በሙያው ሕግ ነው። ፈረስ በሙዚቃ ስልት በሚረግጥበት ውድድር ጋላቢ ድምፅ ካሰማ ነጥብ ይቆረጥበታል። «አፍሽን ያዢ፤ በወገብሽ አናግሪው» ይላት ነበር ዘወትር። እሷም አፏን ይዛ አደገች፤ አፏን ይዛ አገር ላገር ዞረች። ስንቱ ሜዳ አጨበጨበላት! ስንቱ ሜዳሊያ አንገቷ ላይ ዋለ! ማታ በሆቴል ክፍሏ፣ ጠባቡን ቦት ጫማ ከእግሯ የሚስብላት ሰው አጥታ ግድግዳ ተደግፋ ስትታገል ግን ያ ሁሉ አጨብጫቢ የት ነበር? ወደ ቤት ስትደውል አባቷ የሚጠይቃት ስለ ፈረሱ ኮቴ ነው። እሷም ስለ ኮቴው ነግራው ስልኩን ትዘጋለች።

ትልቁ ውድድር ሲቃረብ አባትየውን ስትሮክ ጣለው። ቤት ተኝቶ ነርስ እየተመላለሰች ታክመው ጀመር፤ ልጅቱም በአውሮፕላን ደረሰች። ገና ከአልጋው አጠገብ ስትደርስ ዓይኑን አነሳና በደህናው እጁ እጇን ይዞ «ጎሽ» አላት። ዕድሜ ልኳን የጠበቀቻት ቃል!

«አባዬ... እስቲ ድገምልኝ።»

«ጎሽ።»

እንባዋ አንሶላውን አራሰው። ወዲያው ግን ነርሷ መጥታ መርፌ ወጋችው፤ እሷንም «ጎሽ» አላት። እናትየው ውኃ ስታቀብለው «ጎሽ»፤ ትራሱ ሲስተካከል «ጎሽ»፤ ሲያመውም «ጎሽ»... ሐኪሙ፣ ሕመሙ ቃላቱን ሁሉ ጠራርጎ ይችን ብቻ እንደተወለት አስረዳት። ምነው ይችንም አብሮ በወሰዳት! እጇን ከእጁ አላቀቀች። በማግስቱ እናቷ ጥቂት ቀን እንድትቆይ ብትለምናትም ፈረሱ ይጠብቀኛል ብላ ሄደች።

ውድድሩን አሸነፈች። ሳትመለስ አባቷ ዐረፈ።

ከቀብር መልስ እናትና ልጅ ከባዶው አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። እናትየው የመጨረሻ ቀኖቹን ስታወራላት ቆየች።

«የውድድርሽ ዕለት ቴሌቪዥኑን ከፍቼለት ነበር» አለች። «ያን ለት ያችም ቃል ጠፋችበት።»

«እንዴት ጠፋችበት?»

«ጨርሰሽ ለዳኞቹ እጅ ስትነሺ አፉን ከፈተ... ሊል ፈለገ፣ ፈለገ፣ እምቢ አለው። እንደዚያ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም። ባሰበት ብዬ ሐኪም ጠራሁ። ማታ ውኃ ሳቀብለው ደግሞ ተመለሰችለት።»

አይ ዕጣ ፈንታ! ለመርፌውም ለውኃውም ስትታዘዝ የኖረች ቃል፣ ከልቡ በፈለጋት በዚያች ሰዓት ትክዳው? ደግሞስ ያችን ቃል ፈልጎ እንደነበር ማን ያረጋግጣል? የሚያውቀው እሱ ነው፤ እሱም ሄዷል። ልጅቱ እጁ የነበረበትን ቦታ በመዳፏ እየዳበሰች፣ «ምን ነክቶኝ ለቀቅሁት...» እያለች ፍራሹ ላይ ተደፋች። እናቷ ምን ክፉ ነገር እንደተናገረች ሳይገባት፣ ጀርባዋን እያሻሸች ይቅርታ ትጠይቃት ጀመር።