የቤንዚኑ ክዳን

የአቶ አስናቀ ፒካፕ ዳገት ላይ መድከም የጀመረችው በ1957 ዓ.ም. በኅዳር ወር ነው። ያረጀች መኪና ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ጨውና አቡጀዲ ጭና ከመካነ ኢየሱስ ወደ ወገዳ ገበያ ትወርዳለች፤ በማግስቱ ገብስና ምስር ጭና ትመለሳለች። ስትነሳ ደህና ናት። ከመንገዱ አጋማሽ ካለው ረጅም ዳገት ስትደርስ ግን ጉልበቷ ይከዳታል፤ ሞተሯ ሁለት ሦስት ጊዜ ይስልና ዝም ይላል። ሩብ ሰዓት ያህል ካረፈች ምንም እንዳልሆነች ሁሉ ትነሳለች። ጥቂት ሄዳ ደግሞ ትቆማለች።

«ቡዳ በልቷት ነው» አለ ጎረቤቱ ጓዴ።

«ቡዳ ከሆነ ሩብ ሰዓት አርፎ አይለቃትም ነበር» አለ ደምሌ።

ደምሌ ሹፌሯም ጠጋኟም ነው። ጎንደር አንድ ጋራዥ ውስጥ ሠርቶ የመጣ፣ ሃያ ስድስት ዓመት የሆነው፣ እጁ እንጂ አፉ የማይፈጥን ሰው። የሚያድረው እዚያው ግቢ፣ ከእህል ጎተራው አጠገብ ባለች ክፍል ነው። የአቶ አስናቀ ልጅ ደጊቱ ስድስተኛ ክፍል ጨርሳ የአባቷን ሱቅ ትጠብቃለች። ሁለቱ ሲተላለፉ ሰላምታቸው አጭር ነበር። አጭር ይሁን እንጂ፣ ከተሰጣጡት በኋላ ሁለቱም ወዲያው አይሄዱም።

ደጊቱ ለማንም ያልነገረችው አንድ ነገር ነበራት።

እናቷ ወይዘሮ አስካለ አረቄ ያወጣሉ። «ሽታው የወጣ አረቄ ኃይሉም ወጥቷል» ይላሉ፤ የማድጋውን አፍ በሰም የሚያሽጉት ለዚህ ነው። የማሸጉ ሥራ የደጊቱ ነው። በኅዳር መግቢያ አንድ ማለዳ በመኪናዋ አጠገብ ስታልፍ የቤንዚን ሽታ አወዳት። ጠጋ ብላ ስታይ የቤንዚኑ ማጠራቀሚያ ክዳን መሐሉ ላይ መርፌ የምታሾልክ ቀዳዳ አለችው። ተበላሽቶ መሰላት። ሰም በመዳፏ አሙቃ በአውራ ጣቷ ደፈነችው።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ንጋት ላይ፣ ሰው ሳይነሳ፣ ክዳኑን ታየዋለች። መኪናዋ ከወገዳ በተመለሰች ቁጥር ሰሙ በፀሐይ ቀልጦ ወርዶ ታገኘዋለችና አዲስ ታደርግበታለች። ደምሌ አላየውም። ቤንዚን የሚቀዱት አቶ አስናቀ ራሳቸው ነበሩ። ክዳኑን ቆልፈው ቁልፉን ባንገታቸው ያንጠለጥሉታል፤ እሱን ለሹፌር አይሰጡም። ከላይ የተለጠፈውን ሰም ደግሞ መኪናዋ ከግቢ ሳትርቅ አቧራ ያለብሰዋል።

ደምሌ ካንዴላውን ለወጠ። ካርቡሬተሩን ፈትቶ አጠበ። የቤንዚኑን መስመር ባፉ ነፋ። ሁሉም ንጹሕ ነበር።

«የጎንደር ትምህርትህ ይኸው ነው?» አሉት አቶ አስናቀ። «በመጪው ቅዳሜ እኔም አብሬ እሄዳለሁ። ዳገቱ ላይ ከቆመች እሸጣታለሁ። አንተም ወደ ጎንደርህ።»

ደጊቱ ይህን ከሱቁ ውስጥ ሆና ሰማች።

ሐሙስ ከሰዓት ደምሌ ሳሙና ሊገዛ መጣ። ሳሙናውን ያዘና አልሄደም።

«ይህችን መኪና የሚያሳምማትን ሰው አወቅሁት» አላት።

«ማን ነው?»

«አንቺ ነሽ።»

ሚዛኑን አስቀመጠች። እሱ የተጨማደደች ደብተር ከኪሱ አወጣ።

«ሁሉንም ጽፌዋለሁ። ስትመለስ አንድ ቀን ደክማ አታውቅም። የምትታመመው ከዚህ ግቢ ስትወጣ ነው። አንድ ቅዳሜ ብቻ ስትሄድም ደህና ነበረች፤ አንቺ ለአያትሽ ተዝካር ቤተ ልሔም ደብር የሰነበትሽ ጊዜ።»

«እኔ ሳልኖር ደስ ይላታላ።»

«እሷን ነው ያልኩት» አለ ደምሌ። «ስለ እኔ አልጠየቅሽም።»

 ደጊቱ ሳሙናውን ከእጁ ተቀብላ በወረቀት ጠቅልላ መለሰችለት፤ ሳሙናው ግን ቀድሞም የተጠቀለለ ነበር።

ነገሩን እንደ ቀልድ ወሰደችው። ቅዳሜ ንጋት ላይ ሰሙን እጥፍ አድርጋ ለጠፈችው። መኪናዋ ቆማ ደምሌ እንዲሄድ አልፈለገችም።

ያን ዕለት ወገዳ ያለች አክስቷን ልትጠይቅ እሷም ከፊት፣ በአባቷና በበሩ መካከል ተቀመጠች። ዳገቱን አጋምሰው ሳይጨርሱ ሞተሩ ሳለ። ደምሌ ማርሽ ቀነሰ። ሞተሩ ደግሞ ሳለና ዝም አለ።

አቶ አስናቀ አልተቆጡም። «በቃ» አሉ ብቻ፤ ወርደው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

ደምሌ ኮፈኑን ከፍቶ የቤንዚኑን መስመር ፈታ። ምንም አልወረደም። መኪናዋን በእጁ ወዘወዛት፤ ማጠራቀሚያው ውስጥ ቤንዚኑ ሲንቦጫረቅ ይሰማል።

«ሙሉ ነው» አለ ለራሱ። «ሙሉ ሆኖ አይወርድም። እንደ ታሸገ ማድጋ።»

ደጊቱ ባለችበት ቀረች። ማድጋን ታውቃለች። ከታች ባለው ቧንቧ አረቄ ሲቀዳ፣ የላዩ እሽግ ካልተነሳ አየር አጥቶ ጥቂት ወርዶ ይቆማል። ይህን ከሕፃንነቷ ጀምሮ በገዛ እጇ ስትሠራው ኖራለች።

ዝም ብትል ሰሙ ቀልጦ ይወድቃል፤ ማንም አያውቅም። ደምሌ ግን ይሄዳል። ብትናገር ደግሞ ያ ሁሉ ንጋት አብሮ ይነገራል። አባቷን አየች። ደምሌን አየች፤ መፍቻውን በጨርቅ እየጠረገ ነበር፣ ሥራውን እንደ ጨረሰ ሰው።

«አባዬ» አለች፣ «የቤንዚኑን ክዳን ይክፈቱት።»

«ምን ሊያደርግልሽ?»

«ይክፈቱት።»

አቶ አስናቀ ቁልፉን ካንገታቸው አውጥተው ከፈቱ። ማጠራቀሚያው ብዙ ጊዜ ታፍኖ እንደ ቆየ ሰው አየር ሳበ። ደምሌ መስመሩን መልሶ አሰረ፤ ሞተሩ በሦስተኛው ሙከራ ተነሳ።

አቶ አስናቀ ክዳኑን ገልብጠው፣ አቧራውን በጣታቸው ጠርገው አዩት። ሰሙ ላይ የአውራ ጣት አሻራ አለ።

«የእናትሽ ሰም ነው።»

«እኔ ነኝ የደፈንኩት። ኃይሉ እንዳይወጣ ብዬ ነው።»

«ለመኪናዬ አስበሽ?»

ደጊቱ ወደ መንገዱ ዞረች። «ለመኪናዋ ብቻ አይደለም፣ አባዬ።»

ደምሌ መፍቻውን ካስቀመጠበት አንስቶ እንደገና እዚያው አስቀመጠው። አቶ አስናቀ ሰሙን በጥፍራቸው ፍቀው ጣሉ።

«ግቡ። ገበያው አይጠብቅም።»

ዳገቱን ወጡት። ከአፋፉ ላይ የጉና ተራራ ወለል ብሎ ይታያል። እዚያ ሲደርሱ አቶ አስናቀ ወደ ሹፌሩ ዞሩ።

«ደምሌ፣ አባትህ በሕይወት አሉ?»

«የሉም፣ ጌታዬ። አጎቴ አሉ፤ የቤተ ልሔሙ መሪጌታ ቀለመወርቅ።»

«እንግዲያው አንተ ዝም በል። እንዲህ ያለውን ነገር ሽማግሌ ነው የሚናገረው።»

ደምሌ ማርሽ ለወጠ። ደጊቱ በጎን አየችው፤ ጆሮው ቀልቶ ነበር።

ሽማግሌ በየካቲት መጣ። በተከታዩ ጥር ተጋቡ። ሙሽሪትን ከቤተ ክርስቲያን የመለሰቻት ያቺው ፒካፕ ናት፤ አልቆመችም።

ደጊቱ እንደ አባቷ ነበረች፤ ሲከፋት አትናገርም። ደምሌ ማታ ከመንገድ ገብቶ ዝም ብላ ካገኛት አጠገቧ ይቀመጥና «ክዳኑን ልክፈተው?» ይላታል። አብዛኛውን ጊዜ ያስቃታል። ሳትስቅ ስትቀር ሌላ አይጨምርም፤ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

ደምሌ ካረፈ ወዲህ እንዲያ የሚላት ሰው የለም። ፒካፗም ተሸጣለች። ክዳኑን ግን አስቀርታዋለች፤ መደርደሪያዋ ላይ ነው። ጥር በመጣ ቁጥር ታወርደውና አቧራውን ታራግፋለች፤ ቀዳዳውንም በመርፌ ትጠርገዋለች።