ሰባተኛው መስኮት «አለኝ» ይላል

ፈጠራ ነው የሚል ካለ አሁኑኑ ይለፈኝ። አንድ ቃል ጨምሬ ከሆነ የአባቴ አጥንት ይፋረደኝ!

ደግሞ ሌሊት እንዳይመስላችሁ። ፀሐይ አናት ላይ ነበረች። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ከሃያ... ትልቅ የመድኃኒት መጋዘን ውስጥ፣ ሰው ግጥም ብሎ።

ቆይ፣ መጀመሪያ ስለ አባዬ።

አባዬ የመጋዘኑ የኮምፒውተር ባለሙያ ነበር። መጋዘኑ ስምንት የመሸጫ መስኮት አለው፤ በየመስኮቱ አንድ ስክሪን፣ ጓዳ ውስጥ ደግሞ ሁሉም የሚጠይቁት አንድ ዋና ኮምፒውተር። ድሮ ስምንቱም ባንዴ ሲንጫጩበት ዋናው ይደነባበር ነበር። ሁለተኛው መስኮት የጠየቀው መልስ አምስተኛው ላይ ዱብ! የደም ግፊት መድኃኒት የፈለገ ሰው የሳል ሽሮፕ ታቅፎ ሊሄድ!

አባዬ መሀል ላይ የምትቀመጥ ሣጥን ሠራ። ስክሪኖቹን በተራ ትጠይቃለች፤ ጥያቄና መልሱ ጓዳ ባለው ስክሪን ላይ በጽሑፍ ሲወርድ ይታያል።

«አንድ፣ የምትለው አለ?»

«የለኝም።»

«ሁለት፣ የምትለው አለ?»

«አለኝ።»

«ቀጥል።»

«ቀጥል» የተባለው እስኪጨርስ ሌላው ሁሉ ጭጭ! በቃ፣ ይኸው ናት።

የሚያሳዝነው አባዬ ራሱ በሕይወቱ ተራ ደርሶት አያውቅም። ታላቅ ወንድሙ፣ አጎቴ፣ የመጋዘኑ ኃላፊ ነው። አባዬ «እኔ ደግሞ...» ሲል እሱ «ቆይ አንዴ!» ይላል፤ ከዛ በኋላ ማን ያስቆመዋል? ሣጥኗንም ወስዶ በራሱ ስም አስመዘገባት። ምስክር ወረቀቱን በመስታወት አድርጎ ጓዳው ግድግዳ ላይ ሰቀለው።

አባዬ ምን አለ? «ወንድሜ አይደል።» እኔ ነኝ እርር ያልኩት!

ከዛ አባዬ ሞተ። እዛው ሥራ ላይ፣ ሰባተኛው መስኮት ጋ ተቀምጦ ልቡ ቀጥ አለች። ስድስት ሰዓት ከሃያ።

ሰባት «አለኝ» ብሎ ነበር። ሣጥኗም «ቀጥል» ብላው ነበር።

አልቀጠለም...

ሳምንት ሳይሞላው አጎቴ የሰባተኛውን ስክሪን ከቦታው አስነሳ። ገመዱንም አስቆረጠ።

ግን በየቀኑ ስድስት ሰዓት ከሃያ ሲሆን ሣጥኗ ሰባትን ትጠይቃለች... የሌለው ሰባት «አለኝ» ይላል... መጋዘኑ በሙሉ ቀጥ! አጥፍተው እስኪያበሯት ድረስ ትጠብቀዋለች።

ሰባትን ከዝርዝሯ ማስወጣት የሚያውቅ የለም። «እኔ ነኝ የሠራኋት» ባዩ አጎቴ የት ተነክታ እንደምትበራ እንኳን አያውቅም! ዘዴው ያለው አባዬ በእጁ በጻፈው ደብተር ውስጥ ነው። አባዬ እንደሠራት የሚመሰክረውም ደብተሩ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ፍራሼ ሥር ደብቄዋለሁ።

እማዬ «ስጪውና እንገላገል» አለችኝ። ይዤው ሄድኩ። ግን ልሰጠው አልነበረም፤ አሳይቼ ልከለክለው ነበር!

ስድስተኛው መስኮት ላይ የምትሠራው እትዬ ክንዴን ያዘችኝ። በሹክሹክታ...

«ሰባተኛውን ወንበር ዳስሺው።»

«ለምን?»

«ዝም ብለሽ ዳስሺው አልኩሽ!»

ዳሰስኩት። ሞቋል... ሰው አሁን እንደተነሳበት።

ባንኮኒው አቧራ ለብሷል። አቧራው ላይ የሁለት ክርን ምልክት።

«ነይ የኔ እናት!» አለ አጎቴ ከጓዳ። «ደብተሩስ?»

ገባሁ። «ጋሼ፣ የአባዬን ስም ወረቀቱ ላይ ያስገባሉ?»

«ለሞተ ሰው ስም ምን ይሠራለታል? ቆይ አንዴ፣ አንቺ ደግሞ ልክ እንደ አባትሽ...»

ስድስት ሰዓት ከሃያ።

«ሰባት፣ የምትለው አለ?»

...

«አለኝ።»

«ቀጥል።»

ውጪ ያለው ጫጫታ ቆመ። አጎቴ እንኳን ዝም አለ።

ከዛ ፊደሎች መውረድ ጀመሩ። አንድ በአንድ... ቀስ እያሉ... አባዬ በአንድ ጣት ሲጽፍ እንደነበረው።

ደ... ብ... ተ... ሩ... ን...

ስ... ጪ... ው...

ወይኔ! ሞቶም ለሱ? ሞቶም?! እያለቀስኩ ወረወርኩለት።

የአጎቴ ፊት አመድ መስሏል። እጁ ግን ደብተሩን ለቀም! ገጹን አገኘ። እያየ ቁልፎቹን ነካካ። ሣጥኗ ጠየቀች።

«የሠሪው ስም?»

«የአባዬን ይጻፉ...» አልኩት ቀስ ብዬ።

ገላመጠኝ። የራሱን ጻፈ። ከነአያቱ።

«ከዝርዝሩ ወጥቷል» አለች ሣጥኗ።

«አንድ፣ የምትለው አለ?» «የለኝም።» «ሁለት...»

ውጪ እልል ተባለ። አጎቴ እየሳቀ ወደኔ ዞረ፣ አፉን ከፈተ...

ድምፅ የለም።

ጉሮሮውን ያዘ። አሁንም ከፈተ። ምንም።

እትዬ ገባች። በጎኑ አለፈች፤ ዞር ብላም አላየችው።

«ብቻሽን እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ከአጎቴ ጋር...»

«የማን አጎት?»

ግድግዳውን አየሁ። ወረቀቱ አለ። የስሙ ቦታ ግን ባዶ ነው። የአባዬም አልገባበትም...

ቤት ገብቼ እማዬን ጠየቅኳት። ሳቀችብኝ። «አባትሽ ወንድም ነበረው? ለእናቱ አንድ ነው እኮ!»

ደብተሩም እሱው እጅ ላይ ቀረ። ልቀማው ብዬ ስጎትት ጣቶቹ አይላቀቁም።

አዎ... ተከትሎኝ መጥቷል። አሁን ይሄን ስጽፍ ሳሎን ሶፋው ላይ ቁጭ ብሏል። አፉን ይከፍታል... ይዘጋል... ይከፍታል... ምናልባት «የሚሉት አለ?» ብዬ ብጠይቀው ድምፁ ይመለስ ይሆናል።

አልጠይቀውም።

እማዬ አሁን ገባች። ያጣጠፈችውን ልብስ ጭኑ ላይ ደርድራ፣ እያንጎራጎረች ወጣች።

ልብሱ አልወደቀም።